የመሐረቡ ፈረስ

በ1957 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረችው ቅዳሜ፣ ዳንግላ ሜዳ ላይ የወጣውን ሕዝብ ልቁጠር ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬም ቆጥሮ ባልጨረሰ ነበር። ከባንጃ፣ ከፋግታ፣ ከአንከሻ የመጣው ፈረሰኛ ያስነሣው አቧራ ብቻውን ፀሐይዋን ጋርዷት፣ የከተማው ዶሮዎች የመሸ መስሏቸው በቀትር ቆጥ ላይ ወጥተዋል። ገበያው ተፈቷል። ቅቤ ይዛ የመጣች ቅቤዋን፣ በሬ ይዞ የመጣ በሬውን እንደያዘ ወደ ሜዳው ጎርፏል።

ይህ ሁሉ የፔሩ ጨፋሪዎችን ለማየት ነው።

ፔሩ የት እንዳለች ከመምህር እንየው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን የሚያውቃት በካርታ ነው። ከባሕር ማዶም ማዶ ያለች፣ ተራራዋ ደመናን በስቶ የሚወጣ አገር ናት ብሎ አስረድቷል። ጨፋሪዎቹ ለግብዣ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ የአውቶቡሳቸው ባሌስትራ ዳንግላ ደረስን ሲሉ ተሰበረና፣ የደብረ ማርቆሱ ነጋዴ ቢሻው በጭነት መኪናው ላይ አሳፍሮ ከተማ አገባቸው። አውቶቡሱ እስኪጠገን ታዲያ ምን ይሥሩ? ይጨፍሩ! ተባለ።

ሰው ሁሉ ሊስቅ በወጣበት በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ብቻ ወደ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሆኖ መጣ። የጥርባው ፈረስ ገሪ፣ አስማረ።

አስማረ ማለት ሰው ጥሎ፣ አጥር ዘሎ፣ ባለቤቱን ነክሶ ያስቸገረ ፈረስ ፊቱ ሲቀርብ እንደ ቆሎ ተማሪ አንገቱን የሚደፋለት ጎበዝ ነው። ከጥርባ እስከ ቆሰበር እሱ ያልገራው ፈረስ ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። ያን ቀን ግን የገዛ እግሩ አልገራለት ብሎ፣ አጎቱ አያ ደሴ እጁን ይዘው ነበር የሚጎትቱት።

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ ውስጥ የተረሳ ድንች መሰለ?" አሉ አያ ደሴ።

"ምንም አልሆንኩ አያ።"

"ምንም ያልሆነ ሰው ደረቱን እንዲህ ጨምድዶ ይይዛል?"

አስማረ እጁን ከደረት ኪሱ ላይ አነሣ። ወዲያው ደግሞ መልሶ አሳረፈው። ከዚያ ኪስ ውስጥ አንድ መሐረብ አለ። መሐረቧ ከሁለት ጣት አትከብድም፤ ለአስማረ ግን የዘንገና ሐይቅ ከነውኃው ደረቱ ላይ የተጫነበት ያህል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በባላምባራስ ሀብቱ ፈረስ ነው። ባላምባራስ ከደጀን በኩል መጥተው ዳንግላ ላይ የከበሩ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ የደረቡ፣ ወፍጮ የተከሉ ሰው ናቸው። ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ ፈረስ ገዙ። ቦራው ግን የገዛውንም የሸጠውንም ጀርባው ላይ አላስወጣ አለ። አስማረ ተጠራ። መስከረምን ሙሉ ከባላምባራስ ግቢ ዋለ። በረንዳው ላይ ደግሞ የባላምባራስ ልጅ ይታይሽ፣ ጥልፏን ጭኗ ላይ አድርጋ መስከረምን ሙሉ ዋለች። እንዲያ ሆና ስንት ጊዜ መርፌው ጣቷን እንደወጋት ጣቷ ይናገር።

ባላምባራስ ወፍጮ ቤት በሄዱባት በአንዲት ጠዋት ወደ ጋጣው ተጠግታ፣ "በጆሮው ምንድን ነው የምትለው?" ብላ ጠየቀችው።

"ቃል ነው።"

"ምን የሚል ቃል?"

"አገውኛ ነው። 'ወደ እኔ ና' ማለት ነው።"

"እስቲ ንገረኝና እኔም ልጥራው።"

አስማረ የፈረሱን ጋማ በጣቱ እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ "አንቺ ከጠራሽውማ እኔም እመጣለሁ" አላት።

ይታይሽ በሩጫ ወደ ቤት ገባች። ስለ ቃሉ ግን ዋሽቷት ነበር፤ ቃሉ አገውኛ አልነበረም። ምን እንደነበር አስማረና ፈረሱ ብቻ ያውቃሉ።

ፈረሱ ተገራና አስማረ ወደ ጥርባ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያን ግቢ የሚያስረግጥ ምክንያት አጣ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ቆሰበር ገበያ ላይ የባላምባራስ ቤት ሠራተኛ ውቢት ከሰው መሐል ብቅ አለችና አንድ የተጣጠፈ ጨርቅ እጁ ላይ ጣል አደረገችለት። "ከይታይሽ ነው" አለችና፣ እመቤቷ፣ የባላምባራስ ሚስት፣ ስትመጣ አይታ እንደ ጭስ ጠፋች።

ከጥድ ሥር ሆኖ ገለጠው። ነጭ መሐረብ። መሐሉ ላይ በቡናማ ክር የተጠለፈ ፈረስ ቆሟል፤ ግንባሩ ነጭ፣ ልጓሙ የጠበቀ፣ በቀይ የኮርቻ ልብስ የተሸለመ። ኮርቻው ላይ ግን ማንም የለም።

አስማረ መሐረቡን አጥፎ መልሶ ገለጠው። በእሱ አገር ተጭኖና ተሸልሞ፣ ማንም ሳይቀመጥበት የሚወጣ ፈረስ የሚታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ለቅሶ ሜዳ። ሰው ሲሞት ፈረሱን ጭነው፣ ሸልመው፣ ባዶውን በአልቃሽ መሐል ያዞሩታል፤ ባዶውን ኮርቻ ያየ ወንድ እንኳ እንባውን መያዝ አይችልም። እና ይታይሽ ይህን ጠልፋ ላከችለት። ለእኔ ሞተሃል ማለቷ ነው! ግን ለሞተ ሰው እንዲህ ያማረ ጥልፍ ማን ይጠልፋል? ዓይኗን ያጠፋችበትን ነገር ለጠላችው ሰው ለምን ትልካለች? አስማረ ይህን እያገላበጠ እንቅልፍ አጣ። በሬዎቹን አጥምዶ ማረሻውን ቤት ረሳ። አንድ ጊዜማ ኮርቻውን ወደ ኋላ አዙሮ ጭኖ ፈረሱ ራሱ ዞር ብሎ አየው።

እና ከዚያ ወዲህ ዳንግላን ረግጦ አያውቅም። እስከ ዛሬ።

"ደግሞ ሰምተሃል?" አሉ አያ ደሴ፣ የሆዱን ሳያውቁ። "የባላምባራስ ልጅ ለዚህ ለባለመኪናው ለቢሻው ልትሆን ነው። ነገ ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ሊሰሙ ይገባሉ አሉ።"

አስማረ ወደ ሜዳው ዞረ። ዓይኑ ሜዳው ዳር በቆመው ዳስ ሥር ከመኳንንት ሚስቶች መሐል ይታይሽን አገኛት። እሷም በዚያው ቅጽበት አየችው። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ አስማረ ጆሮው ውስጥ ደወል የተደወለ መሰለው። ይታይሽ ግን ነጠላዋን አነሣችና አፏን ሸፍና ፊቷን አዞረች።

እንደ አልቃሽ ሸፈነችው፣ አለ በልቡ። እሱ የት ይወቅ! ከነጠላው ሥር እሷም ለራሷ፣ "መሐረቤን ወስዶ፣ አንድም ቀን ብቅ ሳይል፣ ዛሬ ጭፈራ ለማየት መጣ" እያለች ነበር።

* * *

ጨፋሪዎቹ ወጡ። ወንዶቹ ከአንገታቸው ያጠለቁት ቀለም በቀለም የሆነ የጠጉር ካባ ነው። ሴቶቹ ድርብርብ ጉርድ ለብሰው፣ ክብ ባርኔጣ ደፍተው፣ ሁለት ሁለት ሹሩባ እስከ ወገባቸው ለቀዋል። ሸምበቆ ጎን ለጎን ደርድረው አስረው ሲነፉበት፣ ዋሽንት በመንጋ የመጣ ይመስል ነበር። አንዱ ደግሞ ጀርባው የአውሬ ቅርፊት የሆነ ትንሽ ክራር ይዟል። ከበሮው ሲመታ የዳንግላ ቆርቆሮ ሁሉ አብሮ መታ። እግራቸውን አንሥተው መሬቱን ሲረግጡት፣ አቧራው ወደ ዳሱ ገብቶ የመኳንንቱን ካባ ከላይ እስከ ታች አለበሰው።

አያ ደሴ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ ቆዩና ሕዝቡን ጥሰው ወደ መምህር እንየው ሄዱ። እንየው ከቆርቆሮ የተሠራ ድምፅ ማጉያ ይዞ በእንግሊዝኛ የሰማውን ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ከጨፋሪዎቹ አንዱ ትንሽ እንግሊዝኛ ይሞክራል። ሁለቱ የሚግባቡት ግማሹን በእጅ ነው።

"መምህር፣ እስቲ ጠይቅልኝ። ድንች ይበላሉ?"

እንየው ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ ተገረመ። "ድንችማ ከእኛ አገር ነው ወደ ዓለም የወጣው ይላሉ።"

"እሺ። አገራቸው ብርድ ነው?"

"ሲነጋ አመዳይ ይጥላል ይላሉ።"

"ፈረስስ ይወዳሉ?"

እንየው ጥያቄውን ሳይጨርስ ሰውየው ወደ ፈረሰኞቹ ተመልክቶ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

አያ ደሴ ዱላቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። "በቃ! አገው ሰባት ቤት ነው፣ ሰባት ወንድማማች ያቀናው ነው እየተባልን አደግን። ለካ ስምንተኛው ጠፍቶ ነው! ይኸው ስምንተኛው ቤት! ባሕር ተሻግረው፣ ቋንቋ ረስተው፣ ድንቻቸውን ሳይረሱ መጡ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ጎንደር ላይ የሰሙ መብረቅ መስሏቸዋል። እናቶች እልል አሉ። ፈረሰኛው ጨፋሪዎቹን እየተጠጋ፣ "እንደምን ሰነበታችሁ ዘመዶቻችን!" ይል ጀመር። ዘመዶቹ ምን እንደተባሉ ባይገባቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። እንየው የአያ ደሴን ነገር እንዴት እንደተረጎመላቸው እሱና አምላኩ ያውቃሉ፤ አንዲቱ አሮጊት ጨፋሪ ግን እንባዋ መጣ።

ባላምባራስ ሀብቱ ይህን ሁሉ ከቦራው ላይ ሆነው ነበር የሚያዩት። ዳሱ ውስጥ ወንበር ተዘርግቶላቸው አልተቀመጡም። እሳቸው ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ከፈረስ አይወርዱም፤ ማንም ቢሆን ቀና ብሎ እንዲያያቸው እንጂ ዝቅ ብሎ እንዲያያቸው አይፈልጉም። በፈረሱ አንገት ላይ አዲስ ክታብ ተንጠልጥሏል።

"ክታቡ ለምንድን ነው ባላምባራስ?" አላቸው ከጎናቸው የቆመው ቢሻው።

"ተወኝ እባክህ፣ ቡዳ በልቶታል። ቤቴ ውስጥ ልጄን በጠራሁ ቁጥር ይሄ ይነሣል። እኔ ስሟን ስል እሷ ከጓዳ ሳትወጣ እሱ ይጮሃል፣ በሩን በእግሩ ይመታል። ለደብተራው ስንት ከፍዬ ነው!"

አስማረ ይህን ከሰዉ መሐል ሆኖ ሰማ። ፊቱ ጋለ። ደስ ይበለው ይዘን አላወቀም። ፈረሱ አልረሳም፤ የረሳችው ሴቲቱ ናት፣ ብሎ መሐረቡን ከኪሱ ላይ ጨበጠ። ከበሮው ልቡ ላይ ይመታ ይሆን ወይስ ልቡ ከበሮው ላይ፣ ለይቶ መናገር አቃተው።

* * *

"አሁን የመሐረብ ጭፈራ ነው!" ብሎ ጮኸ እንየው። "አንዲት ሴት መሐረቧን ይዛ ከመሐላችሁ አንድ ወንድ ትመርጣለች። የተመረጠው መሐረቡን አውጥቶ ይዞራታል፤ ሳይነካት፣ ዓይኗን ሳይለቅ! በአገራቸው እንዲህ ነው የሚተጫጩት... ማለት፣ ለጨዋታ ነው!"

ሹሩባዋ ወገቧ ላይ የሚደርስ አንዲት ጨፋሪ ነጭ መሐረቧን እያውለበለበች በሕዝቡ ፊት አለፈች። ወንዱ ሁሉ ደረቱን ነፋ። እሷ ግን አጎንብሶ መሬት መሬቱን የሚያይ አንድ ረጅም ጎበዝ አየችና ፊቱ ቆመች።

"እኔ አይደለሁም" አለ አስማረ።

"ሂድ እንጂ!" አያ ደሴ ጀርባውን ገፉት። "ዘመድ ናት፣ አታሳፍረን!"

መሐል ሜዳ ላይ ራሱን አገኘው። ሸምበቆዎቹ ይነፋሉ፣ ሴቲቱ ትሽከረከራለች፣ እሱ እንደ ምሰሶ ተገትሯል። "መሐረብ! መሐረብ!" ይላል ሕዝቡ። ይህን ጊዜ ቢሻው ከባላምባራስ አጠገብ ሆኖ ሳቀ።

"ባላገር መሐረብ ከየት ያመጣል? እንካ!" ብሎ የራሱን የሐር መሐረብ ኳስ አድርጎ ወረወረለት። "ስትጨርስ አጥበህ መልስ!"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። መሐረቡ አስማረ እግር ሥር ወደቀ። አስማረ ወደ ዳሱ አየ። ይታይሽ አልሳቀችም፤ ብድግ ብላ ቆማለች። ታዲያ ምን ቀረኝ? አለ። ነገ ለሰው ትሆናለች። እኔን ቀብራኛለች። እኔን የቀበረችበትን ፈረስ ራሴ አዙሬ ልሰናበታት! የኪሱን ቁልፍ ፈታና ከደረቱ መሐረቡን መዘዘው።

ከዚያ የጨፈረውን ጭፈራ ያየ ሰው ሌላ ጭፈራ ማየት አስጠልቶታል። ትከሻው ሲወርድ ደመና ወረደ፣ እግሩ ሲያርፍ ሜዳው ተሰማው። መሐረቡን በሁለት ጣቱ ከጫፉ ይዞ ከራሱ በላይ አነሣው፣ ነፋሱም ገለጠው። ቡናማው ፈረስ በዳንግላ ሕዝብ ሁሉ ፊት ጋለበ። አስማረ ግን በደስታ አልዞረም። ዝግ ብሎ፣ ከባድ እርምጃ እየረገጠ፣ የሟች ፈረስ በለቅሶ ሜዳ እንደሚዞረው ዞረ። ሴቲቱ ይህን ከዓይኑ አነበበችው መሰለኝ፣ እሷም ዝግ አለች። ከበሮ መቺውም ዝግ አለ።

ዳሱ ሥር ይታይሽ እጇን ልቧ ላይ አደረገች። አልጣለውም! ከደረቱ ነው ያወጣው! ግን ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?

አያ ደሴ ዓይናቸውን አጥብበው መሐረቡን አዩ። ኮርቻ። ሽልማት። ባዶ። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"ወይኔ! ማነው የሞተው? ማን ሞቶ ነው ልጄ፣ ሳትነግረኝ!"

በቃ። ያ ጩኸት በፈረሰኛው መሐል እንደ ሰደድ እሳት ገባ። ከፈረስ የሚወርድ ወረደ፣ ራሱን የሚገልጥ ገለጠ። ማን እንደሞተ ያወቀ የለም፤ ያለቀሰ ግን ሁሉም ነው። አንዱ ስለ ወንድሙ፣ አንዷ ስለ እናቷ፣ አንዱ ደግሞ ባለፈው ክረምት ስለሞተች በቅሎው። የከተማው ሰው፣ "ምን መጣ? ማን ሞተ?" እያለ ይተራመሳል። የፔሩ ሰዎች ነገሩ የአገሩ ወግ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሸምበቆአቸውን ከእንጉርጉሮው ጋር አስማሙት። እንየው ድምፅ ማጉያውን ወደ ጆሮው አድርጎ ቆሟል።

አስማረ ከመሐል ቆመ። እንባው ይወርዳል፣ ለምን እንደሚወርድ ግን ጠፍቶበታል።

"ማንም አልሞተም!"

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ከበሮውንም ለቅሶውንም ቆረጠው። ይታይሽ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ፣ ከመኳንንቱ ሚስቶች መሐል ወጥታ፣ በሜዳው መሐል እየሮጠች መጣች። ፊቱ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራረጠ።

"ለምን ታስለቅሳቸዋለህ? ማን ሞተ አሉህ?"

"እኔ ነኛ! አንቺ ራስሽ ጠልፈሽ የላክሽልኝ! ባዶ ኮርቻ!"

"ባዶ... ባዶማ አይደለም!"

"ታዲያ ማን አለበት?"

"የሚቀመጥበት ገና አልመጣማ!" እንባዋ ወረደ። "ተጭኖ እየጠበቀህ ነው፣ ና፣ አባቴን ጠይቅ ማለቴ ነበር! ስጠብቅህ፣ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ፀሐይ ስትገባ ስነሣ... አንተ ሙት አድርገህ አነበብከው?"

"በእኛ አገር እኮ..."

"እኔ የእናንተን ለቅሶ የት አይቼ አውቃለሁ! ከዳንግላ ወጥቼ አላውቅም!"

አስማረ ሊስቅም ሊጮህም ፈልጎ ሁለቱም አልወጣለት አለ። እነዚያ ሁሉ ሌሊቶች፣ ያ ሁሉ ስቃይ፣ እሷ ና ስትለው እሱ ሄደ ማለት ነው? መሐረቡን አየው። ያው ፈረስ ነው። አንድ ክር አልተለወጠም። ግን አሁን አንገቱን ቀና አድርጎ በር በሩን የሚያይ መሰለው።

* * *

"ይታይሽ!"

ባላምባራስ ናቸው። ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጥቷል። "ይታይሽ! ነይ ውጪ ከዚያ! በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?"

ይታይሽ ሳትነቃነቅ ፈረሱ ጆሮውን ቀሰረ። ከዚያ ቀጥ ብሎ፣ ባላምባራስን እንደተሸከመ፣ ወደ መሐል ሜዳ ተራመደ። ባላምባራስ ልጓም ሳቡ፤ አንገቱን አጠፈ እንጂ እግሩን አልያዘም። ሕዝቡን ሰነጠቀና አስማረ ፊት ደርሶ ነጩን ግንባሩን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

"ምን ሆነሃል አንተ!" ባላምባራስ በብዙ ትግል አዙረው ወደ ዳሱ መለሱት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው፣ "ይታይሽ፣ አልሰማሽም?" ብለው ደገሙት።

ፈረሱም ደገመው። ተመለሰ፣ አስማረ ፊት ቆመ፣ ግንባሩን ደረቱ ላይ አደረገ። ከፈረሰኛው መሐል የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

ይታይሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያ ቃል..." አለች አስማረን እያየች። "አገውኛ ነው ያልከኝ..."

"ዋሸሁሽ።"

"ስሜን ነበር?"

አስማረ አንገቱን ደፋ። ስንት ፈረስ ያስደፋ አንገት!

ባላምባራስ ሁሉን ሰሙ። እጃቸው በፈረሱ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ክታብ ዳበሰ። ቡዳ አልነበረም። በየቀኑ በገዛ ግቢያቸው የልጃቸውን ስም በጠሩ ቁጥር ይህ እንስሳ አንድን ሰው ሲጣራላቸው ነበር፣ እሳቸው ደብተራ ሲጠሩ። እስኪ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ያሉ ይመስል፣ በጣም በቀስታ፣ ልጃቸው ሕፃን ሳለች እንደሚያስተኟት ባለ ድምፅ፣ "ይታይሽ" አሉ። ፈረሱ ዓይኑን ጨፍኖ አስማረን ይበልጥ ተጠጋው።

"እስቲ ያን መሐረብ" አሉ።

አስማረ በሁለት እጁ አቀበላቸው። አገላብጠው አዩት። "ይሄ ቦራዬ ነው።"

"አዎ አባዬ።"

"ፈረሱን እንዲህ አሳምረሽ ሰውየውን ለምን አልጠለፍሽበትም?"

"ሰው መጥለፍ አልቻልኩም አባዬ" አለች በእንባ መሐል። "ቦታውን ተውኩለት።"

"አልቻልኩም ትላለች!" አያ ደሴ ዱላቸውን አንሥተው ደረሱ። "በእኛ አገር ወንድ ነው ሴት የሚጠልፍ! ይቺ ግን ልጄን በመርፌና በክር ከነነፍሱ ጠልፋ፣ ከጥርባ ዳንግላ ድረስ አምጥታ፣ አልቻልኩም ትላለች!"

ሜዳው ፈነዳ። ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ በዚያው እንባ ሳቀ። የሚስቁት አገዎች ናቸው፣ የሚስቁት የከተማ ሰዎች ናቸው፣ ምኑም ያልገባቸው የፔሩ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው ይስቃሉ። ባላምባራስ ብቻ አልሳቁም።

"የእናንተ ሽማግሌዎችስ የት አሉ?" አሉ አያ ደሴን።

"እኔ አለሁ ባላምባራስ! ካልበቃሁ ደግሞ..." አያ ደሴ ካባ የለበሱትን ጨፋሪዎች በዱላቸው አሳዩ። "ስምንተኛው ቤት ከነዘር ማንዘሩ እዚሁ ቆሞልዎታል! ከዚህ ይበልጥ ከሩቅ የመጣ ሽማግሌ በጎጃም ምድር ታይቶ ያውቃል?"

"ባላምባራስ፣ የነገው ቀጠሮአችንስ?" አለ ቢሻው ከኋላ። ድምፁ ውስጥ ያ ሳቅ አልነበረም።

ባላምባራስ ወደ እሱ ዞሩ፤ ረጋ ብለው፣ በጨዋ ደንብ መለሱለት። "ሽማግሌዎችህ ይምጡ፣ ምሳ በልተው ይሂዱ። አንተን ጠልቼህ አይደለም ልጄ። ግን ፈረሱ ቀድሞሃል።"

ከዚያ ዳንግላ አይታ የማታውቀው ነገር ሆነ። ባላምባራስ ሀብቱ በሕዝብ መሐል ከፈረስ ወረዱ። መሬት ሲረግጡ አጠር ያሉ ሰው ነበሩ፤ ለካ አስማረን የሚያዩት ቀና ብለው ነው። ፈረሱ ተጭኖ፣ ተሸልሞ፣ ባዶውን በመሐላቸው ቆመ። መሐረቡ ላይ እንዳለው፣ ልክ እንደዚያው። ከፈረሰኛው መሐል አንዲት አሮጊት፣ "ውይ" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉ ባላምባራስ፣ ልጓሙን አስማረ እጅ ላይ እየጣሉ። ድምፃቸው ሸካራ ነበር፤ ዓይናቸውን ግን ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፍቶባቸዋል። "ውጣ እንጂ! ሰው ሞተ ሊሉን ነው እንዴ!"

አስማረ እግሩን እርካብ ላይ አደረገ። ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ሜዳው እልል አለ፣ ሸምበቆዎቹ ተነፉ፣ እንየው በድምፅ ማጉያው የማንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር ጮኸ። አስማረ ግን አንዱንም አልሰማ። ደስታ ይህ ነው ወይ? ታዲያ ለምን ፍርሃት ይመስላል?

ይታይሽ ወደ ኋላዋ አንድ ሁለት እርምጃ ራቀች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች፣ ሁለት ዓይኗን አስማረ ላይ ተከለች። ከዚያ ፊቷ እየቀላ፣ ከተወለደች ጀምሮ ጠርታው የማታውቀውን የገዛ ስሟን፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ ጠራች።

"ይታይሽ።"

ሁለቱም መጡ።